የትርንጎ ጋቢና የኢላት ጀልባ

ሱኮት የምንለው የዳስ በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ እሑድ ማለዳ፣ ፀሐይ ሽኩና ዳሌት ከሚባለው ሰፈራችን ፎቆች በላይ ሳትወጣ ከቤቴ ተነሣሁ። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ነበር፤ ኢላት ወርጄ፣ ልጄ ይስሐቅ ከሚኖርበት ጀልባ ላይ የሟች ባለቤቴን የትርንጎን ጋቢ አውርጄ ወደ ቤርሼቫ መመለስ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር፤ አንባቢ የማንን ጉዞ እንደሚያነብ ማወቅ አለበት። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። የአማርኛ ፊደል የቆጠርኩት የጎረቤት ልጅ ሲያጠና ከጀርባው ቆሜ በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ ነው። ዕብራይስጡን ደግሞ ከመድኃኒት ብልቃጥና ከአውቶቡስ ሰሌዳ ለቃቅሜ አወቅሁት። ዛሬ ከእኔ ጋር በአንድ አውሮፕላን ከመጡት ሽማግሌዎች መካከል የኢንሹራንስ ውል ከራስጌ እስከ ግርጌ አንብቦ የሚረዳ ካለ ይምጣና ይፈትነኝ። በሽመናም ቢሆን፣ ደምቢያ ሳለሁ በዚያ ዙሪያ እኔን የሚያህል እጅ አልነበረም። ክርስቲያኖቹ ሳይቀሩ ለሠርግ ልብስ የሚመጡት እኔ ዘንድ ነበር።

ትርንጎ በሕይወት ሳለች እንዲህ ስናገር ከጓዳ ሆና ታርመኝ ነበር። «ጋቢውን በሳምንት ጨረስኩት» ስል «በሳምንት አይደለም፣ በወሩ ነው» ትላለች። «ጅቡን በዱላ ገደልኩት» ስል «ሞቶ ነው ያገኘኸው» ትላለች። እንግዳው ይስቃል፤ እኔ እቆጣለሁ። አሁን ሦስት ዓመት ሆናት። የሚያርመኝ የለም። የተናገርኩት ሁሉ እንደተናገርኩት ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ጋቢውን የሸመንኩት እኔ ነኝ፤ ድሩንም ማጉንም የፈተለችው እሷ ናት። ከአገር ስንወጣ ዕቃ አትያዙ ተባልን። የሽመና ዕቃዬን ጓሮ ቀበርኩት። ትርንጎ ግን ጋቢውን ለብሳው ወጣች፤ የለበሱትን አውልቁ ያለ ማንም አልነበረም። ከዚያ ቤት ንብረት እዚህ የደረሰው እሱ ብቻ ነው። እሷ እዚሁ ቤርሼቫ ሆስፒታል ካረፈች በኋላ፣ ኀዘኑ ሲያበቃ፣ ይስሐቅ በከረጢት ይዞት ወደ ኢላት ወረደ። ያን ጊዜ ልቤ ገና ስላልተረጋጋ አልከለከልኩትም።

ጀልባው የይስሐቅ አይደለም። ባለቤቱ ከቤርሼቫ አጠገብ፣ ዖሜር በሚባል መንደር የሚኖር ሐኪም ነው። ትርንጎ ቤቱን ለብዙ ዓመት ስታጸዳ ቆይታለች፤ ይስሐቅ ከጦር ሠራዊት ሲወጣ ሐኪሙ ጀልባውን እንዲጠብቅለትና እንዲነዳለት ቀጠረው። ልጁ እዚያው ላይ ይኖራል። ከበዓሉ በፊት ደውሎ እንዲህ አለኝ፦

«አባ፣ ሰሞኑን አጠገባችን ያለ ጀልባ ሌቦች ገብተው ባዶውን አስቀሩት። የሐኪሙ ቢቱዋሕ ጀልባውን እንጂ የእኔን ዕቃ አይሸፍንም። ለዕቃዬ ለብቻው ልገባ ነው።»

ቢቱዋሕ የምንለው ኢንሹራንሱን ነው።

«ምን ምን ዕቃ ነው ያለህ?» አልኩት።

«የመጥለቂያ ልብሴ፣ ኮምፒውተሬ፣ ሬዲዮው፣ ጊታሩ። የእማማም ጋቢ።»

ጋቢው ከጊታር ቀጥሎ ሲጠራ ደሜ ፈላ። «ሌባ ካለ ጋቢው እዚያ አያድርም። መጥቼ እወስደዋለሁ» አልኩት። «ቤሴዴር አባ፣ ና» አለኝ። እሺ ማለቱ ነው፤ ድምፁ ግን እሺ የሚል ሰው ድምፅ አልነበረም።

ከዳሌት እስከ ታሐና

ከፎቁ በታች ባለው አግዳሚ ላይ ጎረቤቴ አቶ ፈንታ ከዘራውን አገጩ ሥር ተክሎ ተቀምጧል። ፈንታ እንቅልፍ የለውም፤ ወጪ ወራጁን የሚቆጥር እሱ ነው።

«ተረፈ! በዚህ ሁሉ ጓዝ ወደ ደምቢያ ልትመለስ ነው?»

«ኢላት ነኝ። የትርንጎን ጋቢ ላመጣ።»

«ከገዛ ልጅህ ትከሻ ልትገፍፍ?»

«መግፈፍ አይባልም፤ ውሰት ነው» አልኩት።

ይህ ነገር እዚህ ለተወለዱ አንባቢዎች ማብራሪያ ይፈልጋል። በእኛ ቤት ልብስ ሲሰጥ ሥርዓት አለው። ሰጪው በገዛ እጁ ተቀባዩ ትከሻ ላይ ይጥልለታል፤ አጣፍቶ ይመርቀዋል። እንዲህ አድርገው ያለበሱትን ማንም አይገፍፈውም። የገፈፈ እንደ ሽፍታ ይቆጠራል፤ አባትም ቢሆን። በእጅ የተቀበሉት፣ በከረጢት የያዙት ግን ውሰት ነው፤ ባለቤቱ ሲሻ ይመለስለታል።

«ይስሐቅ በከረጢት ነው የወሰደው። በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩት።

«አንተ ደግሞ፣ ያላየኸው ነገር ያለ አይመስልህም» አለኝ ፈንታ። «በል ሂድ፣ አውቶቡስ ያመልጥሃል።»

በከተማ አውቶቡስ ወደ ዋናው ታሐና፣ ማለትም ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። እሑድ ጠዋት ታሐናው በወታደር ይሞላል፤ ሁሉም ከሰንበት ዕረፍት ወደ ጦር ሰፈሩ ይመለሳል። ለጡረተኛ ቅናሽ ስላለ ግማሽ ዋጋ ከፈልኩ፤ ይህን የማታውቁ ሽማግሌዎች መታወቂያችሁን ማሳየት አትርሱ። ስንቄ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ቆሎ ነበር። በመንገድ የሚሸጠውን ምግብ አላምነውም።

ቁልቁለቱ

አጠገቤ የተቀመጠችው የእኛው ወገን ልጅ ናት፤ ወታደር ናት፣ ጠመንጃዋ ጭኗ ላይ። በአማርኛ ሰላም ስላት በዕብራይስጥ መለሰችልኝ። ቆሎ ሳቀርብላት ግን እፍኟን ዘረጋች። ቆሎ ትርጉም አይፈልግም።

ዲሞና ድረስ መሬቱ ገና አፈር ነው፤ የዘላኖቹ የቆርቆሮ ቤት፣ ፍየል፣ አልፎ አልፎ ግመል። ከዲሞና በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርድና ዐረባ የሚባለው በረሃ ይከፈታል። በግራ በኩል የዮርዳኖስ ተራሮች ናቸው፤ ጠዋት ግራጫ፣ ማታ የቀላ በርበሬ ይመስላሉ። በረሃው መሀል ግራር አለ። ጠፍጣፋ ራስ ያለው፣ እንደኛው አገር ግራር ያለ ነው። ከሥሩ ሰው የለም፣ ከብት የለም፣ ገበያ የለም። ግራር ለብቻው ቆሞ ሳይ ጥላ ፈልጎ የሚመጣ ሰው የሚጠብቅ ይመስለኛል።

ልጅቱ ቆሎዋን ጨርሳ «አባባ፣ ወዴት ነህ?» አለችኝ፤ በዚህ ጊዜ በአማርኛ። የዚህ አገር ልጆች አንቱታ አያውቁም። ይቅር ብያታለሁ።

«ልጄ ጋ። ጀልባ ላይ ነው የሚኖረው።»

«ጀልባ ላይ? ዋና ትችላለህ?»

«ጣናን ከዳር እስከ ዳር በታንኳ ያቋረጠ ሰው ስለ ዋና ይጠየቃል?» አልኳት። «ታንኳውን ከደንገል ያሰርኩት ራሴ ነኝ። ማዕበል ነበረ።»

«ዋው» አለች፤ አመነች። እኔም ሳላስበው ጠበቅሁ። «ከዳር እስከ ዳር አይደለም፣ ጥግ ጥጉን ነው» የሚለው ድምፅ ከኋላ ወንበር አልመጣም። አውቶቡሱ ቁልቁል መሮጡን ቀጠለ።

ዮትቫታ የሚባለው ቦታ አውቶቡስ ያርፋል። የተምር ዛፍ በረድፍ ተተክሏል። አንድ ወተት ገዛሁ፤ ለወተት የማይገባ ዋጋ ነው፣ ወተቱ ግን መልካም ነበር። ልጅቱ እዚያው ወረደች። ስትወርድ እጄን ሳመች፤ ዕብራይስጥ የሚናገር አፍ ቢኖራትም ጉልበቷ እጅ መንሣቱን ያውቀዋል።

ውሃው ላይ

ኢላት አውሮፕላን ማረፊያው መሀል ከተማ ነው። አውሮፕላን ከሰው ጣሪያ በላይ እየጮኸ ይወርዳል፤ ዕራቁታቸውን ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ቱሪስቶች ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። እኔ አያለሁ። አውሮፕላን ባየሁ ቁጥር ከአገር በወጣንበት ቀን መቀመጫ በተነቀለበት ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ትርንጎ ጋቢውን ለሁለታችን ስትዘረጋው ይታየኛል።

ይስሐቅ ታሐና ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ፀጉሩን አሳድጓል። ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ሰዎች ስሙን አቆላምጠው «ኢጺክ! ኢጺክ!» እያሉ ይጠሩታል። «አባቴ ነው» ይላቸዋል ለሁሉም። አንዱ ዓሣ አጥማጅ ጨብጦኝ «ልጅህ በዚህ ወደብ አንደኛ ሰው ነው» አለኝ። «ከማን ይወርሳል ብለህ?» አልኩት።

ጀልባዋ ነጭ ናት፤ ባለ አንድ ምሰሶ፣ ባለ ሸራ። በሳንቃ ላይ ስሻገር ልጄ ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ አልፈቀድኩለትም። ሳንቃው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ክንዴን ያዘኝ፤ አልተከራከርኩም። ከታች ጠባብ ክፍል አለች፤ ምድጃ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት አልጋ። በአንደኛው አልጋ ላይ ጋቢው በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል።

አነሣሁት፤ ወደ አፍንጫዬም አስጠጋሁት። የጨውና የናፍጣ ሽታ ነበረው። ሌላ ሽታ ፈልጌ ነበር። በጣቴ ስዳስሰው ግን ክሩ የእሷ ነው። ፈታይ ሁሉ የራሷ አከራረር አላት፤ እንደ ድምፅ ነው። ትርንጎ ክር ስታከር ጠበቅ ታደርግና በየመሀሉ አንዴ ላላ ታደርገዋለች፤ ሰው የጠራት ያህል። ከመቶ ሴት ፈትል መካከል ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። አንዱ ጫፍ ተተልትሏል። የበሩ ማጠፊያ ይዞት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። መልሼ አጠፍኩት።

ይስሐቅ ዓሣ ጠበሰ፤ ሎሚና ቃሪያ ጨምሮበት። «ከማን ተማርክ?» አልኩት። «ከራሴ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ይህ የእኔ መልስ ነው።

ከእራት በኋላ ወደ ደቡብ ያለውን ውሃ አሳየኝ። በአንድ በኩል የዮርዳኖስ መብራት፣ በሌላ በኩል የግብፅ፤ መሀሉ ጨለም ያለ፣ ክፍት። «ይሄ ውሃ ሳይቋረጥ ምጽዋ ይደርሳል አይደል?» አልኩት።

«ይደርሳል፣ አባ።»

«ሩቅ ነው?»

«ለንፋስ ሩቅ የለም» አለኝ።

የኢንሹራንሷ ሴት

በማግሥቱ ቁርስ እንደበላን የኢንሹራንስ ወኪሏ መጣች፤ ሊያት ትባላለች። ጫማዋን አውልቃ፣ በእጇ ይዛ፣ ከእኔ ይልቅ ቀለል ብላ ሳንቃውን ተሻገረች። ትሑት ሴት ናት። ዕቃውን አንድ በአንድ አየች፣ ፎቶ አነሣች። የማይሸፈነውን በግልጽ ነገረችን፦ በሩ ካልተቆለፈ ስርቆት አይሸፈንም፤ የመሰበር ምልክት መታየት አለበት። ጀልባው ቢሰጥም፣ ቢቃጠል፣ ይሸፈናል። እርጥበት፣ ሻጋታ፣ እርጅና አይሸፈንም።

«ሦስተኛው ገጽ ላይ አንብቤዋለሁ» አልኳት። ከመምጣቴ በፊት ይስሐቅ የውሉን ናሙና በፖስታ ልኮልኝ ነበር።

«ካየኋቸው ደንበኞች ሁሉ ሦስተኛውን ገጽ ያነበቡ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ። ይስሐቅ ጣሪያውን አየ። እሷ ቀልዳ ይሆናል፤ እኔ ግን እውነት ስለሆነ ጻፍኩት።

ጋቢው ላይ ስትደርስ «ይሄ ብርድ ልብስ አዲስ ነው?» አለች።

«ከልጄ ዕድሜ ይበልጣል።»

«እንግዲያው ዋጋው በጣም ዝቅ ይላል። ጨርቃ ጨርቅ በየዓመቱ ይቀንሳል።»

«ጋቢ?» አልኩ ተነሥቼ፤ ጭንቅላቴ ጣሪያውን ነካ። «ጋቢ በታጠበ ቁጥር ነው የሚለሰልሰው! አዲስ ጋቢ ይኮሰኩሳል። በየዓመቱ ይጨምራል እንጂ እንዴት ይቀንሳል? እኔስ፣ አርጅቻለሁና ዋጋዬ ወርዷል?»

«የእርስዎ የሕይወት ኢንሹራንስ ነው፤ እሱ ሌላ ክፍል ነው» አለች፤ ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ አሰበችና «አንድ መንገድ አለ» አለች። «በእጅ የተሠራ ዕቃ ከሆነ፣ ተመሳሳዩን እንደገና ለማሠራት የሚያስፈልገውን እንጽፋለን። ማን ነው የሠራው?»

«እኔ!» አልኩ። ደረቴን መታሁ። «በገዛ እጄ። ከፈለግሽ ከፋሲካ በፊት ሌላ እንዲህ ያለ እሸምናለሁ። የእንጨቱን ዕቃ ራሴ እጠርበዋለሁ። ልዩነቱን ማንም አያውቅም።»

«በጣም ጥሩ» አለች፤ ብዕሯን አነሣች። «ክሩን ከየት ያገኛሉ?»

«ክሩን ሚስቴ ናት የምትፈትለው።»

«እሷንም እንጠይቃታ። ምን ያህል ጊዜ ይወስድባታል?»

የጋቢውን ጫፍ ጨበጥኩ። ውሃው የጀልባዋን ጎን ሲመታ ይሰማል። ይስሐቅ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብሎ «እናቴ ሞታለች» አላት።

ሊያት ብዕሯን አስቀመጠች። ይቅርታ ጠየቀች፤ ጥፋት አልነበረባትም። «እኔ ብርድ ልብስ ብዬ ልጽፈው እችላለሁ» አለች። «ግን ቢጠፋ የምንሰጣችሁ የብርድ ልብስ ነው። ይህን አሁን ብነግራችሁ ይሻላል፤ በኋላ ከምትናደዱ።»

«አታስገቢው» አልኳት።

የቀረውን ዕቃ ጽፋ፣ ይስሐቅን አስፈርማ ሄደች። ሳንቃው ጫፍ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «ሚስትዎ ብርቱ እጅ ነበራቸው» አለችኝ። ያን ያህል ዓመት ስለ ሽመናዬ ስመሰገን፣ ስለ ፈትሉ የተናገረ ሰው ማስታወስ አቃተኝ።

ሸራው ሲነፋ

ከቀትር በኋላ ይስሐቅ ገመዱን ፈታና ወደ ጥልቁ ወጣን። ንፋሱ ከሰሜን ነው፤ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነው አለኝ፤ ሰውን ወደ ደቡብ መግፋት ይወዳል። ሸራው ሲነፋ ጀልባዋ ዘንበል አለች። ጎኗን ተደግፌ ወደ ውሃው አስመለስኩ። የበላሁት እንቁላል አርጅቶ መሆን አለበት፤ ታንኳ የቀዘፈ ሰው በውሃ አይታመምም።

ፊቴን ታጥቤ ስቀመጥ ጋቢውን አምጥቶ ደረበልኝ። ያኔ ነው የተናገርኩት።

«ነገ ይዤው እሄዳለሁ። ሴትየዋ የነገረችህን ሰምተሃል። ኢንሹራንስ የማይሸፍነውን ነገር ባሕር ላይ አታስቀምጥም። በከረጢት የወሰድከውን በከረጢት ትመልስልኛለህ።»

መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

«በከረጢት አልወሰድኩትም፣ አባ።»

«አይቻለሁ።»

«ያየኸው ወደ ኢላት ስሄድ ነው። የሰጠችኝ ግን ከዚያ በፊት፣ ሆስፒታል ነው። አንተ ለጸሎት ወጥተህ ነበር። ብርድ ብርድ ይላታል ብለህ ቤት ሄደህ አምጥተህላት ለብሳው ነበር፤ ታስታውሳለህ?»

አስታውሳለሁ።

«ቀና አድርገኝ አለችኝ። ትራሱን አስደገፍኳት። ከራሷ ላይ አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችው፤ ቀኙን ወደ ግራ አጣፋችው። መረቀችኝ። ‹አባትህ ቤት አለው፤ አንተ ውሃ ላይ ነህ፤ ውሃ ይበርዳል› አለችኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለምን ለእኔ አላለበሰችኝም ትላለህ ብዬ ፈራሁ።»

ልክ ነው፤ ልቤ ውስጥ ያለው እሱ ነበር። ወደ ውሃው ዞርኩ።

«ሌላም ነገር አለች» አለኝ ይስሐቅ። ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ ሌላ ነገር ነበር። «‹አባትህ፣ ግድ የለም ሌላ እሸምናለሁ፣ ይልሃል። ይበል፤ እሱ እንዲያ ነው። ክሩ ግን የለም፤ እንዳትነግረው› አለችኝ።»

ሦስት ዓመት የጠበቅሁት እርማት መሀል ባሕር ላይ ደረሰኝ። አለቀስኩ። ንፋስ ነው ብዬ አልጽፍም፤ አንባቢ አይታለልም።

ከዚያ ተነሣሁ። ጀልባዋ ስለምትወዛወዝ አንድ እጄ ምሰሶውን ይዟል። ጋቢውን ከላዬ አውልቄ ልጄ ትከሻ ላይ ጣልኩት፤ ቀኙን ወደ ግራ አጣፋሁት። አባቶች የሚመርቁትን መረቅሁት። «የእናትህን አልሽርም» አልኩት። «ከሷ ቀጥሎ እኔም አልብሼሃለሁ።»

«አሜን» አለ፤ መሪውን ሳይለቅ። ከዚያ በዕብራይስጥ «አባ፣ ተቀመጥ፣ ትወድቃለህ» አለኝ።

ስንመለስ ጫፉን አሳየሁት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የበሩ ማጠፊያ። አሁን መጠቅለያ አድርጌበታለሁ። የተበላሸው ግን ተበላሸ። ሊያትም አልሸፍንም ያለችው እሱን ነው፤ እርጅና።»

«እርጅናው የእኔ ድርሻ ነው» አልኩት። «አንተ በሩን ቆልፍ።»

ቤርሼቫ

በሦስተኛው ቀን ባዶ ቦርሳ ይዤ ተመለስኩ። ዐረባን ሳልፍ ግራሮቹ እዚያው ናቸው። ይህን ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አልነበረምና ለማንም አላወራሁም።

ከታሐና ወደ ዳሌት የሚሄደው አውቶቡስ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ተጣብቆ ቆመ። መኪናው ከሰሜን እርሻዎች የመጣ ጥጥ ጭኗል፤ ከመረቡ ሾልኮ ነጭ ነጭ እየበነነ አስፋልቱ ዳር ይቀራል። ትርንጎ በዚህ ወቅት አርፋ አታውቅም ነበር። የአጨዳው መኪና ካለፈ በኋላ እርሻው ዳር የተንጠለጠለውን በዘንቢል ለቅማ ትመጣለች፤ ጠባቂዎቹም ያውቋትና ዝም ይሏታል። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ፍሬውን ትለያለች፣ ታባዝታለች፣ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሽከረክራለች። «ምን ይሠራል? ሸማ በሸቀል ይገዛል» እላት ነበር። «እጄ ሥራ ይፈልጋል» ትለኝ ነበር።

ፈንታ አግዳሚው ላይ ነው።

«ጋቢውስ?»

«ባለቤቱ ዘንድ ነው።»

ቦርሳዬን አየ፤ ፊቴን አየ። ተረበኝ ብዬ ተዘጋጀሁ። «ጫማህ ጨው ሆኗል፤ ጥረገው» ብቻ አለኝ፤ እንድቀመጥም ጠጋ አለልኝ። ትንሽ ተቀመጥኩ።

ወደ ቤት ስገባ ቀጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄድኩ። ከላይ፣ ከሰንበት ልብሷ ኋላ፣ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ከሞተች ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። ውስጡ የመጨረሻው ልቃቂቷ ነው፤ የዚህ አገር ጥጥ፣ የዚያ አገር አከራረር። ለጋቢ አይበቃም፤ ለልጅ መታቀፊያም አይበቃም። የተተለተለ ጫፍ ለመጠገን ግን ይበቃል፤ ቆጥቤ ከያዝኩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሲግድ የምንለውን በዓላችንን አክብሬ እንደገና እወርዳለሁ። ከጉዞው የተማርኩት ይኸው ነው፦ እሳትና ሌባ ኢንሹራንስ የሚባል ተረካቢ አላቸው፤ የሚያረጅ ነገር ግን የሚደርስለት አጠገቡ ያለ ሰው እጅ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ እሷ በምትቀመጥበት ቦታ ተቀምጬ ክሩን ሞከርኩት። አልሳሳም፤ ጠንካራ ነው። ለጉዞው ዝግጁ እንዲሆን መርፌ ውስጥ አስገብቼ ልቃቂቱ ላይ ሰካሁት። ያለ መነጽር፣ በአንድ ሙከራ ነው ያስገባሁት።

በሦስተኛው ነው።